ፎቶው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀለም የሚያጣው ፕሪንተር

የፕሪንተሬን ካርትሪጅ (የቀለም መያዣውን) በስሪንጅ ከሞላሁት ወዲህ ፎቶው ከላይ አምሮ ይጀምራል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ማጀንታው (ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ ቀለም) እየሳሳ ሄዶ የሰው ፊት አረንጓዴ ይሆናል። ኖዝል ቼክ (ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች መሥራታቸውን የሚያሳየውን የሙከራ ገጽ) ሳወጣ ግን መስመሮቹ ሙሉ ናቸው! ለካ እሱ የሚፈልገው ትንሽ ቀለም ስለሆነ ችግሩን አያሳብቅም።

ሄድ ክሊኒንግ (ፕሪንተሩ የቀለም መርጫውን ራሱ የሚያጸዳበትን ትዕዛዝ) አምስቴ አስኬድኩ። ወይ ፍንክች። ቀለሜን ብቻ ጨረስኩ።

በመጨረሻ ካርትሪጁን አውጥቼ በባትሪ አየሁት። የመሙያውን ቀዳዳ የደፈንኩበት ፕላስተር አጠገቡ ያለችውን፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል የአየር ማስገቢያም ሸፍኗታል። አየር ካልገባ ደግሞ ቀለሙ በደንብ አይወርድም። ፕላስተሩን በምላጭ ቆርጬ እሷን ብቻ ከፈትኳት፤ አንድ ሰዓት አቆይቼ አንዴ ክሊኒንግ አደረግኩ። ሦስት ፎቶ በተከታታይ አተምኩ፤ ማጀንታው እስከ ታች አልሳሳም።