ዲስክ አልለቅም ላለ ድራይቭ

በዩኤስቢ የሚሰካው የሲዲ ድራይቫችሁ ቁልፉን ደጋግማችሁ ብትጫኑትም አልከፍት ካለ በጉልበት ለመፈልቀቅ አትሞክሩ። መጀመሪያ ዲስኩን እየተጠቀመ ያለ ፕሮግራም ካለ ዝጉት። ዲስኩ ሥራ ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ መሳቢያውን ሊቆልፈው ይችላል።

አሁንም እንቢ ካለ የዩኤስቢ ገመዱን ንቀሉ። ለብቻው የኤሌክትሪክ ገመድ ካለው እሱንም። ዲስኩ መሽከርከሩን እስኪያቆም ትንሽ ጠብቁ። ከዚያ የድራይቩን ፊት ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የመርፌ ጫፍ የምታስገባ ትንሽዬ ቀዳዳ አለች። የወረቀት ማያያዣ አግራፍ ዘርጉና ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። የሆነ ነገር ሲገታችሁ ረጋ ብላችሁ ግፉ። መሳቢያው ትንሽ ብቅ ይላል፤ የቀረውን ቀስ ብላችሁ በእጃችሁ ሳቡት። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ሽቦው መሳቢያውን የያዘውን መቆለፊያ በቀጥታ ስለሚያላቅቀው ሞተሩም ኤሌክትሪኩም አያስፈልጉም።

ችግሩ ከተመላለሰ ኃይል እያነሰው ይሆናል። መደበኛ የዩኤስቢ 2.0 ወደብ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ የሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁት ከሆነ ደግሞ ያንኑ ከሌሎች ጋር ይሻማል። ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። ገመዱ ሁለት የዩኤስቢ ራስ ካለው ሁለቱም ይሰኩ፤ ሁለተኛው ለጌጥ አልመጣም።

መሳቢያ የሌለው፣ ዲስኩን በጠባብ ስንጥቅ የሚውጠው ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህች ቀዳዳ የለችውም። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ሽቦ አትስደዱ፤ ዲስኩንም የሚያነበውን ሌንስም ትጭራላችሁ።