ሰፈር ስትቀይሩ ወፍጮም ትቀይራላችሁ፦ የምግብ አለርጂ ያለበት ሰው አዲስ ቤት ሲገባ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ልጄ ኦቾሎኒና ሰሊጥ አይስማሟትም። አለርጂ አለባት። ከተወለደች ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ኪራይ ቤት ቀይረናል። አከራይ ሲጨምር ወጣን፣ ቤቱ ሲሸጥ ወጣን። በየቤቱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ አንድ ነገር ይገጥመናል። ኋላ ላይ ሌሎች ወላጆችም "ቤት ልንቀይር ነው፣ ምን እናድርግ?" እያሉ ይደውሉልኝ ጀመር። እየሄድኩ ኩሽናቸውን አብሬ አይቻለሁ። ጥፋቱን የማገኘው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ነው።

ሐኪም አይቷችሁ፣ ምን እንደማይስማማችሁ አውቃችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ማሸጊያ ላይ ያለውን ማንበብም ታውቁበታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቅደም። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ልጁ ከዛለ መንስኤውን አትፈልጉ። ሐኪም ያዘዘላችሁ የአድሬናሊን መርፌ ካለ ወዲያው የጭን ውጪኛው ጎን ላይ ውጉ። አስተኙት፤ መተንፈስ ካቃተው ግን ቁጭ ይበል። አቁማችሁ አታራምዱት። ከዚያ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የጎረቤት መኪና ከቀደመ በሱ ሂዱ። የማሳከክ ክኒን ሰጥቶ "እስኪ እንየው" ማለት ሰው ይገድላል። ክኒኑ ሽፍታ ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ ከሰዓታት ቆይቶ ሊመለስ ስለሚችል ቶሎ ወደ ቤት አትሩጡ።

ምልክት፦ ሽሮ በላች፣ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ። ቤት ውስጥ ኦቾሎኒ የሚባል ነገር የለም።

በጣም የማየው ይሄንን ነው። አሮጌው ቤት እያላችሁ ሽሮ በየቀኑ ትበላ ነበር፣ ምንም አልሆነችም። እዚህ ስትገቡ ጀመራት። ሰው ሁሉ ቤቱን ይጠረጥራል። ቀለሙን፣ እርጥበቱን፣ አቧራውን። ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲያሹ የዋሉ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ግድግዳው ምንም አላደረገም። ሰፈር ሲቀይሩ ወፍጮ ቤት ቀይረዋል።

አንድ ጠዋት አዲሱ ሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። ከፊታችሁ ያለችው እናት ማዳበሪያዋን ስትፈታ ተመልከቱ። ለልጇ አጥሚት ነው። ገብስ አለ፣ አጃ አለ፣ ሽምብራ አለ። መሃል ላይ ቀይ ልጣጭ ብልጭ ይላል። ኦቾሎኒ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ልጇ እንዲወፍርላት ነው። ተፈጭቶ ሲያልቅ ሰራተኛው ማሽኑን በዱላ መታ መታ ያደርገዋል፣ የቀረው እንዲራገፍ። ከዚያ "ቀጣይ!" ይላል። ቀጣይዋ እናንተ ናችሁ።

የሰው ዱቄት እንደሚቀላቀል የማያውቅ የለም። በርበሬ በተፈጨበት ላይ ሽሮ ያስፈጨ ሰው ወጡ ሲያቃጥለው ያውቀዋል። ኦቾሎኒ ግን አያቃጥልም። ሽሮ ውስጥ ቀለሙም አይለይም። ቅባት ስላለው ደግሞ ማሽኑ ውስጥና ዱቄቱ የሚወርድበት ጨርቅ ላይ ይጣበቃል። ቢቆላ፣ ቢፈላ፣ ሽሮው እንደ እሳተ ገሞራ ቢንተከተክ አለርጂ የሚያስነሳው ነገር አይጠፋም። "እሳት ያየ ምግብ ነው" የሚሉ ሰዎች ከባድ ስህተት ላይ ናቸው።

ሦስተኛው ቤታችን ስንገባ ይሄን ቀድሞውኑ አውቄ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ሄጄ "ወንድሜ፣ እዚህ ኦቾሎኒ ይፈጫል?" አልኩት። "ኧረ አይፈጭም" አለኝ። ደስ ብሎኝ አምስት ኪሎ የሽሮ ክክ አስፈጨሁ። ልጄ ገና ሁለተኛ ጉርሻዋን ስትውጥ ጉሮሮዋን ማከክ ጀመረች። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። "ለውዝስ?" አልኩት። "እሱማ በሽ ነው፣ ለአጥሚት ሁሌ ያመጣሉ" አለኝ። አልዋሸኝም። በሱ አፍ ኦቾሎኒ ለውዝ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለቱም ስም እጠይቃለሁ። ደግሞም "ይፈጫል ወይ?" አልልም። "ለውዝ ማስፈጨት ፈልጌ ነበር፣ በየትኛው ማሽን ነው?" እላለሁ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው እውነቱን ነው የሚነግረው።

አንድ ቤተሰብ ደግሞ "ማልደን ሄደን መጀመሪያ እናስፈጫለን" አሉ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን ማታ መጨረሻ ላይ የተፈጨው ሌሊቱን ማሽኑ ውስጥ አድሮ ይጠብቃችኋል። ልጃቸው በዚያው ሳምንት ሆስፒታል አደረ። ሌሎች ሁለት ኪሎ ስንዴ አስቀድመው ያስፈጩና ያንን ይደፉታል። ይቀንሳል፣ አያጠፋም። ሽፍታ ብቻ የሚወጣበት ሰው ይሞክረዋል ትሉ ይሆናል። እኔ እንኳን አልመክርም፤ ባለፈው ሽፍታ የነበረ በሚቀጥለው ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

በጣም የከበደኝ ግን የእናቴ ሽሮ ነው። ከክፍለ ሀገር በሰው ላከችልኝ። "ንፁህ ነው ልጄ፣ በእጄ ነው የለቀምኩት" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በእጇ ነው የለቀመችው። የተፈጨው ግን ከተማው ውስጥ ባለው አንድ ወፍጮ ነው። ወር ሙሉ ሳልከፍተው አስቀምጬ ለጎረቤት ሰጠሁት። ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች። በሚቀጥለው ዓመት ክኩን ሳታስፈጭ ላከችልኝ።

*መፍትሄው።* ቤት ውስጥ ፍጩ። የእህል መፍጫ ማሽን ግዙ፣ አዲስ። ያገለገለ በጭራሽ አትግዙ። የምላጩ ስር የተሸጎጠውን የሰው ቅመም ማንም አያወጣውም። በየመደብሩ የተደረደሩት ቀላልና ርካሽ ማሽኖች ያናድዱኛል። ክዳናቸው አይገጥም፣ ሞተራቸው ጠንካራ ክክ ሲያገኝ ይሸታል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ይቃጠላሉ። ከበድ ያለ፣ ውስጡ ብረት የሆነ ምረጡ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትሙሉት። ግማሽ ደቂቃ አስነሱት፣ አሳርፉት፣ እንደገና አስነሱት። ክኩ በደንብ ካልደረቀ አይደቅም። በአዲስ ወንፊት ንፉት፣ ሸካራውን መልሳችሁ ፍጩ። እኔ እሁድ እሁድ አንድ ኪሎ እፈጫለሁ፣ ሳምንቱን ይበቃናል።

ክኩንና ቅመሙን ሳይፈጭ ግዙ። ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙ። ገበያ ላይ ከረጢቶቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሻጩም በአንድ ጣሳ ነው ሁሉንም የሚሰፍረው። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ሰሊጥ ለቅሜ አውቃለሁ። የተዘጋጀ በርበሬ፣ "የቤት ነው" ተብሎ በፌስታል የሚሸጥ ሽሮ፣ አትንኩ። ማን፣ የት፣ ከምን በኋላ እንደፈጨው አይታወቅም።

የዓመት በርበሬ በትንሽ ማሽን ይከብዳል። እኛ ሦስት ቤተሰብ ተዋጥተን መካከለኛ ማሽን ገዛን። ሕጉ አንድ ነው፦ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ አይገባበትም። በርበሬውን ስታሰጡም ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ የጋራ ሸራ አትጠቀሙ። ትናንት ምን እንደተሰጣበት አታውቁም። ሰፌዱም አዲስ ይሁን። የስንደዶ ስፌት ታጥቦ አይጠራም።

ጤፍ ግን ቤት አይፈጭም፣ ብዛቱ አይቻልም። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ለብቻው የቆመ ማሽን ያለው ወፍጮ ቤት ፈልጉ። በወሬ አትመኑ። ግማሽ ቀን ቆማችሁ እዩ። ሩቅ ከሆነ ለታክሲ ክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወፍጮው ንፁህ ሆኖም ሽሮና በርበሬ ካልተስማማ አብሽን አስቡ። አብሽ ከኦቾሎኒ ጋር ዘመድ ነው፣ ሁለቱም የጥራጥሬ ወገን ናቸው። ኦቾሎኒ የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች አብሽም አይስማማቸውም። ግብጦም እንደዚሁ፣ ምናልባት የባሰ። የአውሮፓ ህብረት ማሸጊያ ላይ በግድ እንዲጻፉ ካዘዛቸው 14 ነገሮች አንዱ ግብጦ ነው። እኛ ጋ በሳህን ከአረቄ ጋር ይቀርባል እንጂ ማንም አያስጠነቅቅም። በራሳችሁ አትሞክሩት፣ ሐኪም ጠይቁ።

ምልክት፦ እንጀራ ሲበላ አፉ ዙሪያ ይቀላል፣ በሌላ ቤት እንጀራ ግን ደህና ነው።

ምጣዱ ነው። አከራይ "ምጣድ ትቼላችኋለሁ" ሲል ምርቃት ይመስላል። ያ ምጣድ በምን እንደተሟሸ፣ በምን ሲታሰስ እንደኖረ ጠይቁ። ጎመን ዘር ነው? ሱፍ ነው? በየሰፈሩ የሚጨመቅ ዘይት ነው? ሸክላ ይጠጣል። ያንን ሳሙና አያወጣውም። የኤሌክትሪኩም ምጣድ ከላይ ሸክላ ነው፣ ልዩነት የለውም። አመስግናችሁ መልሱለትና አዲስ ግዙ፣ በሚስማማችሁ ነገር አሟሹት። ማሰሻ ጨርቁንም ጣሉ። እርሾ ከጎረቤት አትበደሩ። የነሱ ዱቄት፣ ማለትም የነሱ ወፍጮ አብሮ ይመጣል። ከራሳችሁ ጤፍ ጀምሩ፤ ጥቂት ቀን ታገሱት።

እንጀራ ከደጅ የምትገዙ ከሆነ ሴትዮዋን ቤቷ ሄዳችሁ አነጋግሯት። በትህትና።

ምልክት፦ ምንም ሳይበላ፣ ወለል ላይ ሲጫወት ቆይቶ እጁና ፊቱ ላይ ሽፍታ።

የቀድሞ ተከራይ። ሶፋ ትተው ከሄዱ ትራሱን አንሱና እዩ። አንድ ቤት ውስጥ ከሶፋ ስር የለቀምኩት ቆሎ ጭብጥ ይሞላ ነበር፣ ግማሹ ኦቾሎኒ። የኩሽና መሳቢያ፣ የፍሪጅ በር ላስቲክ፣ የበር እጀታ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። አዲስ ስፖንጅ ይዛችሁ፣ ስትጨርሱ ጣሉት። በሳኒታይዘር እጅ ማሸት ጀርም ይገድላል እንጂ ኦቾሎኒ አያነሳም፣ ከጣት ወደ ጣት ያዞረዋል። የእንጨት ማማሰያና ሙቀጫ የሰው ከሆነ አይገባ። ብረትና ብርጭቆ በደንብ ከታጠበ ችግር የለውም። ሽታው ብቻ ግን አያሳምምም፣ ከጎረቤት የኦቾሎኒ ሽታ መጣ ብላችሁ አትሸበሩ።

ምልክት፦ ሁሉን አሟልታችሁ፣ እንግዳ በመጣ ቀን ታመመች።

አዲስ ቤት ገብታችሁ ጎረቤት በባዶ እጁ አይመጣም። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብስኩት ይዞ ይመጣል። ፍቅር ነው። አትከልክሉት፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ራሴ ቡና አፍልቼ እጠራቸዋለሁ፣ ፈንዲሻውን በራሴ ብረት ምጣድ አፈነዳለሁ። ስኒው እየዞረ "እትዬ፣ ይቺ ልጄ ለውዝ ከበላች ትንፋሿ ይቆማል" እላለሁ። "አለርጂ አለባት" ስል "አይ የዘመኑ ልጅ" ብለው ያልፉታል። "ትንፋሿ ይቆማል" ስል ግን ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ።

ጾም ሲሆን እጥፍ ተጠንቀቁ። ወተት የማይስማማው ሰው ጾም ይመቸዋል፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ የማይስማማው ግን ያኔ ነው የሚቸገረው። ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ የለውዝ ቅቤው ሁሉም የሚወጣው ያኔ ነው። "የጾም ነው" ማለት "ይስማማታል" ማለት አይደለም።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው እሽግ ላይ ሰሊጥ በግድ መጻፍ የጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ወዲህ ነው። "ሊኖርበት ይችላል" የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ዛሬም በፈቃደኝነት ነው፤ አለመጻፉ ዋስትና አይሆንም።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ግቢ ውስጥ አከራይ ከብት ወይም ዶሮ ካረባ፦ ለመኖ የሚሰጠው ፋጉሎ የሰሊጥና የኦቾሎኒ ጭማቂ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል፣ ልጅ አይጫወትበት።

የፀጉርና የገላ ቅባት፦ የሰሊጥ ዘይት ያለበት ብዙ ነው።

ወተት የማይስማማው ልጅ፦ ራስ ላይ የሚደረገው ለጋ ቅቤም ቅቤ ነው።

አዲስ የቤት ሰራተኛ፦ "እንዳትሰጪያት" ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። መርፌው የት እንዳለ አሳዩዋት፣ በልምምድ መርፌ አለማምዷት። የራሷን ቁርስ የምትሰራበት ድስትና ማማሰያ ለብቻ ይኑራት። መፍጫ ማሽኑ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉ፣ እሷም ሌላ ነገር አትፍጭበት፣ እናንተም።