የኤንጀልፊሽ ጫጩት ለምን ያልቃል? ችግርና መፍትሄ

ኤንጀልፊሽ የተባለውን የአኳሪየም ዓሳ ለማርባት ሂተር (ማሞቂያ) እና ፊልተር (ማጣሪያ) አላችሁ፣ ውሃው ከርሞ ጠቃሚ ባክቴሪያ አፍርቷል፣ ጥንዶቹም እንቁላል ጥለዋል ብዬ ልነሳ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንቁላሉ በሙሉ ነጣ

ጤነኛ እንቁላል ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀለሙም ወደ ማር ይጠጋል። ጥቂቱ ቢነጣ አያስጨንቅም። ሁሉም ከነጣ ግን አልዳበረም ማለት ነው። መጀመሪያ ጥንዶቹን ጠርጥሩ። ወንድ ያጡ ሁለት ሴቶች ተጣምረው ቅጠል ያጸዳሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ። ሲጥሉ ከሆዳቸው ሥር የምትወጣውን ቱቦ እዩ፦ የሴቷ ወፍራምና ደነዝ ናት፣ የወንዱ ቀጭንና ሹል ናት። ወንድ ካለ ደግሞ ውሃውን ጠርጥሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ይህ ዓሳ የአማዞን ልጅ ነው፣ ለስላሳ ውሃ ይወዳል። በማዕድን አልባ የተጣራ ውሃ ቀላቅሉት።

ወላጆቹ እንቁላሉን ይበላሉ

ወጣት ጥንዶች መጀመሪያ ላይ ያደርጉታል፣ ታገሡ። ካልተዉ እንቁላሉን ከነቅጠሉ አንስታችሁ ከዚያው አኳሪየም በተቀዳ ውሃ ውስጥ ለብቻው አስቀምጡ። የኤር ፓምፑ አየር አጠገቡ ይንፋ፣ እንቁላሉን ግን አይምታው። ሻጋታ እንዳይዘው ትንሽ ሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ የዓሳ መድኃኒት) ጨምሩ።

መዋኘት ከጀመሩ ሳምንት ሳይሞላቸው ያልቃሉ

ሰው ሁሉ የሚደውልልኝ በዚህ ነው። “ጋሼ፣ በሽታ ገባባቸው መሰለኝ” ይሉኛል። ሄጄ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ የለም። ረሃብ ነው፣ ወይም በምግብ የተበላሸ ውሃ ነው።

በ28 ዲግሪ እንቁላሉ በ2 ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በጭንቅላታቸው ተጣብቀው ለ5 ቀን ያህል ይንቀጠቀጣሉ። በዚህ ጊዜ የሚኖሩት ሆዳቸው ላይ ባለው አስኳል ነው፤ ምንም አትስጧቸው። የሰጣችሁት ሁሉ ከሥር ይበሰብሳል። መዋኘት በጀመሩበት ቀን ግን ምግቡ፣ ማለትም አርቴሚያ የሚባለው ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ፣ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ያን ቀን “አርቴሚያ የት ይገኛል?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያናድደኛል። እስኪያገኝ ጫጩቱ አይጠብቀውም።

የስልክ መብራት በጎን አብሩና ሆዳቸውን እዩ። የበላ ጫጩት ሆዱ ክብ ነው፣ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል። የተራበው ሆዱ ልጥፍ ብሎ ውስጡ ባዶ ይታያል፣ ጭንቅላቱም ከሰውነቱ ይገዝፋል። ይህን ሳታዩ መድኃኒት አትግዙ።

አንድ ልጅ ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ በተነባቸው። መድኃኒቱ ፊልተሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጎዳ፣ ከቆሻሻ የሚመጣው መርዛማ አሞኒያ ከፍ አለ፣ የቀሩትም በአንድ ሌሊት አለቁ። ሌላ ቤት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጥብጠው ሰጥተው ውሃው ጠዋት ወተት መስሎ ጠበቃቸው። አስኳል አትስጡ! የተፈጨ ደረቅ ምግብም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሆንም፤ ጫጩቱ የሚያሳድደው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው።

መፍትሄው ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ ነው። የሃይላንድ ቂጡን ቁረጡና ድፉት። በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል ጨምሩ። የአየር ቱቦው እስከ ታች ወርዶ ኃይለኛ አረፋ ያውጣ፣ መብራትም ይኑረው። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። የአዲስ አበባ ክፍል ማታ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሃይላንዱን ሂተር ባለው ባልዲ ውስጥ አቁሙት። “እንቁላሉ የሞተ ነው” ብለው ከጣሉት ሰዎች ብዙዎቹ እንቁላሉ የበረደባቸው ናቸው።

ከዚያ አየሩን አጥፉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ያልተፈለፈለው ከሥር ይዘቅጣል። ብርቱካናማውን ብቻ በቀጭን ጎማ ስባችሁ በጨርቅ አጥሉ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። ቅርፊት የዋጠ ጫጩት አንጀቱ ይዘጋል፣ ይሞታልም። አርቴሚያው በሰዓታት ውስጥ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ቶሎ ስጡ። በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ፣ ቀን የሌለው የአርቴሚያ እንቁላል አትግዙ። እርጥበት ከነካው አይፈለፈልም፤ ሻጮቹም ይህን ያውቁታል። የአርቴሚያው እንቁላል ቆርቆሮ ከተከፈተ በደንብ ተዘግቶ ፍሪጅ ይግባ።

በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በትንሽ በትንሹ አብሏቸው። የሞተውንና የተረፈውን በየቀኑ ከሥር ሳቡ፣ ከውሃው ሩቡን በእኩል ሙቀት ቀይሩ። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይግባ፤ ባልዲ ውስጥ አየር እየተነፋበት ይደር።

መብራት ሲጠፋ ወደ ላይ ወጥተው ይተነፍሳሉ

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ይበልጥ ያንሰዋል። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ግዙ። እስኪገዛ በኩባያ እየቀዳችሁ ከላይ አፍስሱ። የፊልተሩ ስፖንጅ ለሰዓታት ቆሞ ከነበረ መልሳችሁ ሳታስነሱት አውጥታችሁ በአኳሪየም ውሃ አለቅልቁት፤ የታፈነው ቆሻሻ ጫጩቶቹ ላይ አይመለስ።

ሌሎች

አንድ ጠዋት ሁሉም ሞተው ከተገኙና ውሃው ትኩስ ከሆነ ርካሹ ሂተር አልጠፋም ማለት ነው፤ ለብቻው ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። መስታወቱ ላይ እጅ ያላቸው ነጭ ክሮች ከታዩ ሃይድራ ነው፣ ጫጩት ይበላል፤ ጫጩቶቹን አውጥታችሁ መስታወቱን በሙቅ ውሃ እጠቡ። ክንፋቸው ካጠረ ወይም ከተጣመመ ተጨናንቀዋል፤ አካላቸው ሳንቲም ሲያክል ወደ ሰፊ አኳሪየም ይዛወሩ። በወሩ ገደማ የተፈጨ ደረቅ ምግብ ከአርቴሚያው ጎን ለጎን ማስለመድ ትችላላችሁ።