ይሄ ቲማቲም ስሙ ማን ነበር? ጓሮ ውስጥ ዝርያ የሚያጠፉ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመት በፊት ጓሮዬ አንድ ቲማቲም አፈራ። ቆዳው ስስ፣ ሥጋው ድፍን፣ ውሃው ትንሽ። ለሱጎም ለሰላጣም የሚሆን። ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሰሃን ሙሉ ሰጠኋቸው። በማግስቱ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ ቲማቲም ምን የሚሉት ነው? ስሙን ንገረኝ።»

«እትዬ፣ እሱን እኔም አላውቀው» አልኩ።

አራት ዓይነት ዘር ነበር የዘራሁት። ከአራቱ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው።

አዳማ ላይ ሆኖ የቲማቲም ዝርያ ማጣት ያሳፍራል። ወደ ሶደሬ ስንሄድ የምናልፋት አዋሽ መልካሳ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መልካሾላንና መልካሳልሳን የመሳሰሉትን ያወጣ ነው። ወደ መቂና ባቱ ያለው ገበሬ ደግሞ ቲማቲም ኑሮው ነው። ዝርያ ሞልቷል። ስሙ የሚጠፋው እኛው ጓሮ ውስጥ ነው፣ ያውም በገዛ እጃችን። እኔ ያጠፋሁባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«አልረሳውም» ማለት

የቲማቲም ቡቃያ መልኩ አንድ ነው። ሁለት ቀጫጭን ቅጠል ያወጣል፣ ቀጥሎ ጥርስ ጥርስ ያለው ቅጠል ይመጣል፣ በቃ። ቅጠላቸው የድንች የሚመስል ጥቂት ዝርያዎች አሉ፤ እነሱ ይለያሉ። የቀሩትን ግን ፍሬ እስኪይዙ ድረስ በዓይን ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

እኔ በተቆረጠ ሃይላንድ ነበር የዘራሁት። «በግራ በኩል ያለው ሮማ፣ ቀጥሎ መልካሾላ…» ብዬ በልቤ ያዝኩ። ልጄ ችግኞቹ ፀሐይ እኩል እንዲያገኙ ብሎ አዞራቸው። ደግ ነበር ያሰበው። ከዚያ ወዲያ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነ።

አሁን የምከተለው አንድ ሕግ ነው። መጀመሪያ ስሙ ዕቃው ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ አፈሩ ይገባል፣ ከዚያ የዘሩ ፓኬት ይከፈታል። አንዱ ፓኬት ተዘግቶ ሳይነሳ ሌላው አይከፈትም። ጠረጴዛ ላይ ሁለት የተከፈተ ፓኬት ካለ ስህተቱ ግማሽ መንገድ መጥቷል።

በማርከር መተማመን

«የማይለቅ» የሚባለው ማርከር የአዳማን ፀሐይ አያውቃትም። ዝናብ አያስለቅቀው ይሆናል፤ ፀሐይ ግን ትመጠዋለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ባዶ ፕላስቲክ ታያላችሁ። እስክሪብቶማ አይነሳ።

የሚያዋጣው እርሳስ ነው። አዎ፣ ተራው የተማሪ እርሳስ። የእርሳስ ጽሑፍ በፀሐይ አይደበዝዝም። ካለቀ የእርጎ ዕቃ ላይ ረዘም ያለ ቁራጭ ትቆርጡና ገጹን በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ትሻክሩታላችሁ፤ ከዚያ ተጭናችሁ ትጽፋላችሁ። ዓመት የሚቆይ ከፈለጋችሁ የለስላሳ ጣሳ ቆርጣችሁ ስሙን በሚስማር ጫሩበት። ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና አጠፍ አድርጉት። እኛ ቤት ይህችን ነገር «ታርጋ» ነው የምንላት።

ታርጋውን መሬት ላይ መሰካት

ከተማችን ዙሪያ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ያለ ነገር አልተተከለም። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚሁ በምናውቀው ንፋስ ነው። የእርጎ ዕቃ ቁራጭ ለእሱ ምኑም አይደለም። ንፋሱ ቢምረው ዶሮ ትጭረዋለች፤ ዶሮ ብትተወው በኩትኳቶ ቀን መኮትኮቻ ይወስደዋል። ታርጋው የሚታሰረው ለተክሉ በቆመው የድጋፍ እንጨት ላይ ነው። ግንዱ ላይ አትሰሩት፤ ግንዱ ሲወፍር ገመዱ ያንቀዋል።

ይህም ሆኖ ታርጋ ይጠፋል። ስለዚህ ደብተር ላይ የመደቡን ሥዕል መሳል ግድ ነው። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ መስመርና ነጥብ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ግን እኔም የወደቅኩበት ጉድጓድ አለ። «ከግራ ሦስተኛው» ብላችሁ አትጻፉ። ከየት ቆማችሁ? ከበሩ ወይስ ከኩሽናው? ቦታው ከማይለቅ ነገር ተነሱ። የእኔ «ከሮቶው ወደ አጥሩ» ይላል። ሮቶው ሥር ያለው አንደኛ ነው፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው ቢደርቅ ሦስተኛ ቦታ ባዶ ተብሎ ይጻፋል እንጂ አራተኛው ሦስተኛ አይሆንም። በሞተው ቦታ ሌላ ከተከላችሁም የተተካበትን ቀን ጨምሩበት።

ችግኝ በምታዛውሩበት ቀን ደግሞ አንድ ዝርያ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ተክላችሁ፣ ውሃ አጠጥታችሁ፣ ታርጋ አስራችሁ፣ ደብተሩ ላይ ጽፋችሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን አምጡ። አሰልቺ ነው። ግን እጅ በጭቃ ተለውሶ፣ ጀርባ ደክሞ፣ ፀሐይዋ ከመውጣቷ በፊት ልጨርስ ሲባል ነው አራት ዓይነት ቲማቲም አንድ የሚሆነው።

«ሮማ ነው» መባልን ማመን

ገበያ ላይ ረዘም ያለ ቲማቲም ሁሉ ሮማ ነው። ዘርም ሲሸጥ እንደዚያው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ «ሮማ» ገዛሁ። ሲያፈራ ክብ ሆነ። ሻጩን ብጠይቀው «ሮማ ብለው ነው የሰጡኝ» አለኝ። እሱም እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

ተቋጥሮ የተሸጠ ዘር ላይ የሻጩን ስም እንደ ዝርያ ስም አትጻፉ። «የገበያ ዘር፣ ሮማ ነው የተባለ» ብላችሁ ጻፉ። ይህቺ «የተባለ» ኋላ ላይ ብዙ ነገር ታድናለች። ከታሸገ ፓኬት ከሆነ ደግሞ ፓኬቱን አትጣሉ፤ ደብተሩ ላይ ለጥፉት። ከስሙ ኋላ ያሉትን ፊደሎችም ሳይቀሩ ገልብጡ። «ሮማ ቪኤፍ» እና «ሮማ» ለዓይን አንድ ይመስላሉ። «ቪ» እና «ኤፍ» ግን ዝርያው ከአፈር የሚመጡ ሁለት የፈንገስ አጠውልግ በሽታዎችን እንደሚቋቋም የሚናገሩ ናቸው። አንዱ ተክል ጠውልጎ ሌላው ቀጥ ብሎ ሲቆም ምክንያቱን የምታገኙት እዚያች ፊደል ላይ ሊሆን ይችላል።

የዲቃላ ዘር ልጅን በእናቱ ስም መጥራት

ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» ካለ ዲቃላ ነው። ገበሬው የሚወደው ጋሊላ እንደዚያ ነው። በዓመቱ የሚሰጣችሁ ፍሬ ወጥ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ዘሩን አስቀርታችሁ ስትዘሩት ግን አንዱ አያቱን፣ አንዱ አክስቱን ይመስላል። መዝራት አይከለከልም፤ እኔ እዘራለሁ፤ አንዳንዴ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። ስሙ ግን ጋሊላ አይደለም። «የጋሊላ ልጅ፣ ቁጥር 1»፣ «ቁጥር 2» እያላችሁ ለየብቻ ያዙት። አለዚያ በሦስተኛው ዓመት «ጋሊላ እኔ ጋ አልሆነም» ብላችሁ የሌለበትን ትወቅሱታላችሁ።

ዘር በሚወጣበት ቀን መዘናጋት

ብዙ ሰው «ንብ አዳቅሎብኝ ነው» ይላል። ንብ የማታውቀውን ነው የምትወቀሰው። ቲማቲም በአብዛኛው በራሱ አበባ ራሱን ያዳቅላል። መዳቀል ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። የምር የምትሳሱለት ዝርያ ካለ ከመፈንዳቱ በፊት አንዱን የአበባ ዘለላ በስስ ሻሽ አልብሱት፣ ፍሬ ሲይዝ አውልቁለት፣ ቀይ ክር እሰሩበት። ያ ፍሬ ለዘር ነው። ነገር ግን በእኔ ልምድ ከንብ ይልቅ ኩሽና ነው ዘር የሚደባልቀው።

እንዴት? ዘር ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። የበሰለውን ፍሬ ትጨምቁና ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ታደርጋላችሁ። ያ ዝልግልግ ነገር ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚይዘው ነው። እንዲለቅ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይብላላ፤ በእኛ ሙቀት ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ዘሩ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ከዚያ በውሃ ይታጠባል። ጥሩው ዘር ይዘቅጣል፣ ገለባው ይንሳፈፋል። ቀጥሎ ጥላ ላይ፣ ሰሃን ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ሶፍት ላይ አትዘርጉት፤ ይጣበቅና ከወረቀቱ ጋር ትታገላላችሁ። በመጨረሻ ፖስታ ውስጥ ይገባል።

ቁጠሩልኝ። ከፍሬ ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ ሰሃን፣ ከሰሃን ወደ ፖስታ። ሦስት ጊዜ ቤት ይቀይራል። ሦስቱም ጊዜ ስሙ ተከትሎት መሄድ አለበት።

እኔ መስኮቱ ላይ ሦስት ብርጭቆ ደርድሬ ነበር። ስሙን በወረቀት ጽፌ ከሥራቸው አደረግኩ፤ ብርጭቆው ላይ ግን አልለጠፍኩም። እናቴ ከገጠር መጥታ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ የሻገተ ቲማቲም መስኮት ላይ ደርድረህ ዝንብ ታረባለህ እንዴ?»

«እማዬ፣ ዘር እኮ ነው!»

«ዘርማ ዘር ነው። ሸተተኝ። አንድ ላይ ገልብጬ አጥቤልሃለሁ።»

እውነትም አጥባዋለች። ንጹሕ፣ የሚያምር፣ የሦስት ዝርያ ዘር፣ በአንድ ወንፊት ላይ። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» አልኩ። ያን ዓመት ደብተሬ ላይ አንድ ዝርያ ተጨመረ፦ «የእማዬ ድብልቅ»።

አሁን ስሙን ብርጭቆው ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ። ዘሩ ሰሃን ላይ ሲወጣ ያው ፕላስተር ተልጦ ሰሃኑ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያም ፖስታው ላይ። አንድ ፕላስተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሁለት ጊዜ መጻፍ የለም፣ ሁለት ጊዜ መሳሳትም የለም።

ለወፍ ዘራሽ ስም መስጠት

አምና መልካሾላ የነበረበት ቦታ ላይ በራሱ የበቀለ ቲማቲም መልካሾላ ነው ማለት አይደለም። ዘሩ ከኩሽና ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፣ ከፍግ ሊሆን ይችላል፣ የወፍ ሥራም ሊሆን ይችላል። «ወፍ ዘራሽ፣ ሮቶው ሥር» ብላችሁ እለፉት።

ዘመኑን ሳይለዩ ቀን መጻፍ

ይሄ የእኛ አገር ልዩ ችግር ነው። ፓኬቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራል፤ ደብተራችን በእኛ። መሳቢያ ውስጥ «2017» የሚል ፓኬት ብታገኙ ምን ታስባላችሁ? በእኛ ከሆነ ትኩስ ነው። እ.ኤ.አ. ከሆነ ግን እኛ ገና 2009 እና 2010 ላይ የነበርንበት ጊዜ ነው። የቲማቲም ዘር በደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትም ከዚያ በላይም ይቆያል፤ ቆርቆሮ ሥር ባለ መሳቢያ ግን እንዲህ አትጠብቁ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጨመር አንድ ሴኮንድ ነው የሚፈጀው።

የወቅቱን ጥፋት በዝርያው ማሳበብ

ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «መልካሳልሳ፣ ደካማ» ይላል። በሐምሌ ነበር የተከልኩት። ዝናቡ ሳያባራ ምች መታውና ቅጠሉ ጠቁሮ ቀረ። ሌላው ገጽ ላይ «አበባ ይጥላል» ይላል። እሱን ደግሞ በመጋቢት፣ ያውም ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ተክዬው ነበር። ሙቀቱ ቀን ላይ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም ብናኝ ይደክማል፤ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። ሁለቱንም በጥቅምት ተክዬ፣ በወጉ ውሃ አጠጥቼ ሳያቸው እነዚያን ሁለት ገጾች ሰረዝኳቸው።

ስለዚህ ከስሙ ጎን የተተከለበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የመጀመሪያው ፍሬ የቀላበትን ቀን ጻፉ። ቁመቱ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል ወይስ ዝም ብሎ ይወጣል? ይህም ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ስንት የድጋፍ እንጨት እንደሚያስፈልግ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ቦታው ላይ ምን እንደነበረም አትርሱ። ቃሪያ፣ ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታቸውን ይወራረሳሉ።

ታርጋው የማይታይበት ፎቶ

ስልኬ ላይ ሁለት መቶ የቀይ ቲማቲም ፎቶ አለ። አንዱም ምን እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ታርጋውን አንሱ፣ ቀጥላችሁ ፍሬውን።

ችግኝ ያለ ስም ማደል

ጎረቤት የሚጠይቀው «አንድ ሁለት ችግኝ» ነው። የምንሰጠውም በቆረጥነው ሃይላንድ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ። ከደብተር ቀጥሎ የእናንተን ዝርያ የሚያስቀምጥላችሁ ግን ጎረቤት ነው። የእናንተን ምች ቢጨርሰው እነሱ ጋ ይተርፋል፤ ስሙ አብሮት ከሄደ።

ይህን የተማርኩት ከእትዬ ነው። ባለፈው መስከረም አንዲት የተጣጠፈች ፖስታ ይዘው መጡ። ለካ ያኔ ከሰጠኋቸው ሰሃን ሙሉ ቲማቲም ዘር አስቀርተው፣ በየዓመቱ ሲያባዙት ኖረዋል። ያው ቲማቲም ነው፣ ቆዳው ስስ፣ ሥጋው ድፍን። ፖስታው ላይ በእርሳስ ጽፈውበታል። የጻፉት የእኔን ስም ነው።