ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን በጥንቃቄ እንዴት መውሰድ ይቻላል?

መጀመሪያ እሽጉን አንብቡ። ብዙ ሰው «የስኳር ክኒን» ብሎ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድና ግሊክላዛይድ ግን ሰልፎኒልዩሪያ የሚባል ሌላ ወገን ናቸው፤ እነርሱ ያወርዳሉ። የዚህ ወገን ጠባይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1942 ፈረንሳይ ውስጥ በሞንፐሊዬ ከተማ ነው። የታይፎይድ ሕሙማን ከዚህ ወገን ጋር የሚዛመድ አዲስ የሰልፋ (የባክቴሪያ) መድኃኒት ሲሰጣቸው ስኳራቸው ክፉኛ ወረደ።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ቆሽታችን ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ፖታሲየም የሚወጣበት በራቸው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ኢንሱሊን ይለቃሉ። ክኒኑ ያንኑ በር ራሱ ሄዶ ይዘጋዋል። ሰውየው ይብላ አይብላ አይጠይቅም። እነዚህ ሕዋሳት ለሞቱበት የዓይነት አንድ ስኳር ሕመምተኛም ምንም አይሠራም።

ስለዚህ ክኒኑ የሚዋጠው ፈጢራው ቀርቦ እጅ ሲታጠብ ነው። ምግብ ከሌለ ክኒኑም ይቆይ። ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት አትዋጡ። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲቃረብ መጠኑና ሰዓቱ እንዲስተካከል አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኛ አገር ደግሞ ጫት አለ፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ጠዋት ክኒን ውጦ፣ ምሳ ዘሎ በርጫ የሚቀመጥ ሰው ራሱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ የስኳር መውረድን በጊዜ መለየት። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ረሃብ፣ ከዚያም ቁጣና የንግግር መተሳሰር ይከተላሉ። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ላቡ ነው። አባቴ አንድ የግንቦት ቀን እኩለ ቀን ላይ ሸሚዛቸው እስኪርስ አላባቸው። ሙቀቱ ነው ብዬ ማራገቢያ ከፈትኩላቸው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠኋቸው። ጠዋት የሰጠኋቸውን ክኒን እንጂ ሳይነኩት የተመለሰውን ሳህን አላሰብኩም። ስሜን ሲስቱት ነው የደነገጥኩት። ጎረቤታችን እጃቸውን ነክታ «ላቡ እኮ ቀዝቃዛ ነው!» ብላ ስኳር በጠበጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያልበውን ሰው መጀመሪያ እለካዋለሁ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። መለኪያ ከሌለ እንደ ወረደ ቆጥራችሁ ስኳር ስጡ። ከማራገቢያ በፊት መለኪያ ግዙ እላለሁ፤ ድሬዳዋም ተቀምጬ ቢሆን።

ሕመምተኛው መዋጥ ከቻለ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጡለት፤ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ስጡት፤ ስኳር አልባው አይሆንም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ። ከወጣ በኋላ እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ብረሩ።

ሁለተኛው ስሕተቴ «ዳኑ» ብዬ መተኛቴ ነው። የግሊቤንክላማይድ ኃይል እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። አባቴ በዚያው ሌሊት ዳግመኛ ወደቁ። ከባድ መውረድ የገጠመው ሰው ቢነቃም በሐኪም ዓይን ሥር ይቆይ።

ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሩ። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ኮትሪሞክሳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባሉት የባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞልም ስኳሩን ይበልጥ ሊያወርዱት ይችላሉ፤ አልኮልም እንዲሁ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የደም ግፊት ክኒኖች የልብ መምታቱንና መንቀጥቀጡን ይደብቃሉ፤ ላቡ ግን ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደማይስማማ ይጠቅሳል። እኔ ይህን ያወቅሁት አባቴ ከወደቁ በኋላ ነው። ሐኪማቸው ወደ ግሊክላዛይድ ቀየረላቸው። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቋርጡ፤ የስኳር መውጣትም ይገድላል።

አባቴ ዛሬም ከሰዓት በኋላ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አለ፤ አብረዋቸው የሚቀመጡት ሁሉ የት እንዳለ ያውቃሉ።