የጂኦሜትሪ ጥያቄ አልፈታ ሲላችሁ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደሴ ውስጥ የሃይስኩል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። «ጂኦሜትሪ አይገባኝም» የሚል ልጅ መጥቶ ደብተሩን ስገልጥ፣ ፎርሙላ የማያውቅ ልጅ አይደለም ብዙ ጊዜ የማገኘው። ፎርሙላውን በቃሉ ይወጣዋል። የሚሳሳተው ከዚያ በፊት፣ ሥዕሉ ላይ ነው። አብሽሩ፣ ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አንብቡ።

ምልክት፦ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አንብባችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ጠፋችሁ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሒሳቡ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው። «ባይሴክት» የሚለውን ቃል «ይቆርጣል» ብላችሁ ካለፋችሁት «እኩል ለሁለት» የሚለው መረጃ አመለጣችሁ፣ ያለሱ ደግሞ ጥያቄው አይፈታም። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ በጨረሳችሁ ቁጥር ሥዕሉ ላይ አንድ ነገር አስቀምጡ። እኩል ጎኖች ላይ ጭረት፣ ትይዩ መስመሮች ላይ ቀስት፣ 90° ላይ ትንሽ ካሬ። ሥዕል ካልተሰጣችሁ ራሳችሁ ሳሉ፣ ተለቅ አድርጋችሁ። ጥፍር የምታክል ሥዕል ላይ ምንም አይታይም።

ምልክት፦ ያወጣችሁት መልስ ምርጫው ውስጥ አለ፣ ግን ኤክስ ሆነ

ይሄኛው ነው እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ልጁ አገኘሁት ብሎ ደስ ብሎት ነው የሚወጣው። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ተማሪ የት የት እንደሚሳሳት ያውቃል፣ የስህተቱንም ውጤት ምርጫ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሀረጎን ዳገት ወጥታ የምትመጣ አንድ ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። እንዲህ ብዬ ሰጠኋት፦ ጎነ ሦስት ሀመሠ አለ። ነጥብ ረ ሀመ ላይ፣ ነጥብ ቀ ሀሠ ላይ ናቸው። ረቀ ከመሠ ጋር ትይዩ ነው። ሀረ 4፣ ረመ 6፣ መሠ 15 ከሆነ ረቀ ስንት ነው? ወዲያው 4/6 ብላ ጻፈች፣ በ15 አባዛችው፣ 10 አለች። 10 ደግሞ ምርጫው ላይ አለ።

የተሳሳተችው 6 የየትኛውም ጎነ ሦስት ሙሉ ጎን ስላልሆነ ነው። የቀረው ቁራጭ ብቻ ነው። ምንም አላልኳትም፣ «ሁለቱን ነጣጥለሽ ጎን ለጎን ሳያቸው» ብቻ አልኳት። ትንሹን በግራ፣ ትልቁን በቀኝ ሳለች። ትንሹ ላይ 4 ጻፈች፣ ትልቁ ላይ 6 ብላ ጀመረችና እጇ ቆም አለ። በላጲስ አጠፋችና 10 ጻፈች። ከዚያ በኋላ 4/10 ሲባዛ በ15፣ መልሱ 6 ሆነ።

ስለዚህ አንዱ ጎነ ሦስት ሌላው ውስጥ ከተቀመጠ ሁሌም ነጣጥላችሁ ሳሉ። ግማሽ ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው።

እዚያው ጥያቄ ላይ ስፋት ቢመጣስ? የትልቁ ስፋት 75 ከሆነ የትንሹ 12 ነው፣ 30 አይደለም። የጎኖቹ ንጽጽር 2/5 ከሆነ የስፋታቸው 4/25 ይሆናል፣ ስኩዌር ይደረጋልና። ቮልዩም ከሆነ ደግሞ ኪዩብ።

ምልክት፦ ሩት ውስጥ ኔጌቲቭ ቁጥር መጣ

የክቡ ሬዲየስ 10፣ የቾርዱ (ክቡ ጠርዝ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር) ርዝመት 16፣ ቾርዱ ከማዕከሉ ምን ያህል ይርቃል? በፓይታጎረስ 10² ሲቀነስ 16²፣ ማለትም 100 ሲቀነስ 256 ብላችሁ ከሆነ ቾርዱን ለሁለት ሳትከፍሉ ነው የገባችሁት። ከማዕከሉ ቾርዱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ቾርዱን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል፣ ስለዚህ የሚገባው 8 ነው፣ ርቀቱም 6። ታንጀንት (ክቡን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚነካ መስመር) ያለበት ጥያቄም እንደዚሁ ነው፣ ከማዕከሉ እስከሚነካበት ነጥብ ሬዲየሱን እናንተ ካልሳላችሁት 90° የሆነው አንግል አይታያችሁም። ከማዕከሉ 13 ከሚርቅ ነጥብ፣ ሬዲየሱ 5 ወደሆነ ክብ የተሳለ ታንጀንት 12 ነው። ሬዲየሱን ስትስሉት ወዲያው ይታያችኋል።

ምልክት፦ ያገኛችሁት አንግል የትክክለኛው እጥፍ ወይም ግማሽ ነው

አንግሉ ጫፉ የት እንደተቀመጠ አላያችሁም። ማዕከሉ ላይ ከሆነ ከፊቱ ካለው አርክ (የክቡ ጠርዝ ቁራጭ) ዲግሪ ጋር እኩል ነው፣ ክቡ ጠርዝ ላይ ከሆነ ግማሹ። ማስላት ከመጀመራችሁ በፊት ጫፉን በእርሳስ ክበቡት።

ምልክት፦ «90° ይመስል ነበር»

ይመስላል ብላችሁ አትሂዱ። ሥዕሉ በስኬል ላይሳል ይችላል። ያልተጻፈና ምልክት ያልተደረገበት ነገር አልተሰጣችሁም።

ምልክት፦ የከፍታ ጥያቄ ላይ √3 ቦታውን ይስታል

ከ30 ሜትር ሕንጻ ጫፍ ቁልቁል የሚታይ መኪና አለ እንበል፣ አንግል ኦፍ ዲፕሬሽኑ 30° ነው። ብዙዎቹ አንግሉን በሕንጻው ግድግዳና በእይታው መስመር መሃል ያስቀምጡትና 10√3 ያወጣሉ። ትክክለኛው 30√3 ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ቆማችሁ ደሴን ስታዩ አስቡት። መጀመሪያ ፊት ለፊት ታያላችሁ፣ ከዚያ ነው ዓይናችሁን ወደ ከተማው ዝቅ የምታደርጉት። አንግሉ ያቺ ዝቅ ያደረጋችኋት ናት። ስለዚህ ከዓይን ጀምራችሁ አግድም መስመር ሳሉና 30°ን ከሱ በታች ጻፉ። በትይዩ መስመሮች ሕግ መኪናው ጋ ያለውም 30° ይሆናል።

ምልክት፦ ሰዓት ያልቅባችኋል

ፈተና ላይ ካልኩሌተር አይገባም፣ እናንተ ግን ፓይን ወደ 3.14 ቀይራችሁ እያባዛችሁ ነው። ምርጫዎቹን አስቀድማችሁ እዩ፣ ፓይ ካለባቸው እስከ መጨረሻው ሳትነኩት ያዙት። 3-4-5፣ 5-12-13፣ 8-15-17 እና 7-24-25 የሚሉትን 90° ያላቸው ጎነ ሦስቶች ጎኖች በቃል ያዙ፣ ብዙ ማባዛት ያስቀሩላችኋል።

ምልክት፦ ቤት ይገባኛል፣ ፈተና ላይ ይጠፋኛል

ቤት እየሠራችሁ ሳይሆን የተሠራ እያነበባችሁ ነው። መልሱን እያዩ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለትና ባዶ ወረቀት ላይ መጀመር ለየቅል ናቸው። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ብቻ በሌላ ደብተር ገልብጡ፣ መልሱን አትጻፉበት። ሦስት ቀን ቆይታችሁ ከሥዕሉ ጀምራችሁ ሥሩት። ካልሄደላችሁ መልሱን እዩ፣ ዝጉት፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና።