ዘግይቶ የመጣ መልስ ካሽህን እንዳያበላሽብህ

የኔትወርክ ፋይል ሲስተም ድራይቨር የምትጽፍ ከሆነ፣ የፋይሉን መጠን፣ የተቀየረበትን ሰዓትና ፈቃዱን በየደቂቃው ሰርቨሩን እየጠየቁ መኖር እንደማያዋጣ ታውቃለህ። ስለዚህ ካሽ ታደርጋለህ፣ ማለትም የመጣውን መልስ እጅህ ላይ ታቆያለህ። ጣጣውም እዚያው ይጀምራል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ጊዜ ገደብ ነው። የሊኑክሱ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያው) ክላይንት ካልነካካኸው ለፋይል ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ ለዳይሬክተሪ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይይዛል፤ ፋይሉ ሳይለወጥ በቆየ ቁጥር ገደቡ ይረዝማል። ጥሩ ነው፣ ኮርጀው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው።

ፋይሉ 4096 ባይት ነው እንበል። አንዱ ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሠሩት የፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ) ጌትአትር፣ ማለትም የፋይሉን መጠንና ሌላ መረጃ የሚጠይቅ ጥያቄ፣ ይልካል፤ ሰርቨሩ 4096 ብሎ ይመልሳል፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ይጎተታል። በዚህ መሃል ሌላው ትሬድ ይጽፍና ፋይሉን 8192 ያደርሰዋል፣ የሱ መልስ ቀድሞ ይገባል፣ አንተም ካሹን 8192 ታደርጋለህ። ከዚያ ያ የተጎተተው ዱብ ይላል። ዝም ብለህ ከተቀበልከው ፋይሉ ተመልሶ 4096 ሆነ፤ የሚያነበው ፕሮግራም አሁን የተጻፈውን ሳያይ «ፋይሉ አልቋል» ይባላል። ሰርቨሩ አልዋሸም፣ ወሬው ነው የከረመው።

መላው ቀላል ነው። እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ቆጣሪ ይኑርህ። ጥያቄውን ከመላክህ በፊት ቁጥሩን ያዝ። መጻፍም ይሁን አዲስ መልስ ካሹን በለወጠው ቁጥር ቆጣሪውን ጨምርና አዲሱን ቁጥር ኢኖዱ (የፋይሉን መረጃ የምትይዝበት መዝገብ) ላይ አስፍር። መልስ ሲገባ የኢኖዱ ቁጥር ከያዝከው ከበለጠ፣ መልሱን ጣለው፤ ካሹንም «ጊዜው አልፏል» ብለህ ምልክት አድርግበት፣ ቀጥሎ የሚመጣው እንደገና ይጠይቅ። ማወዳደሩም ማስፈሩም በአንድ ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ በሚያስገባ ቁልፍ) ስር ካልሆነ ግን ልፋትህ ገደል ገባ። የሊኑክሱ ፊውዝም (ፋይል ሲስተምን ከከርነሉ ውጭ ለመጻፍ የሚያስችለው) የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ይሄም አይበቃም። ወደ ሰርቨሩ ያልሄደ ዳታ እጅህ ላይ እያለ ሰርቨሩ ያነሰ መጠን ቢነግርህ አትስማው፣ ያንተ ይበልጣል። ፋይል ሲከፈት ካሹ ትኩስ ቢመስልም ጠይቅ፣ ሲዘጋ ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ አራግፍ። ፋይሉ መለወጡን ለማወቅ ኤንኤፍኤስ 4 ላይ የለውጥ ቁጥሩን እይ፤ በሰዓት ከሄድክ በአንድ ቅጽበት ውስጥ የተጻፉ ሁለት ለውጦች አንድ ሊመስሉህ ይችላሉ።

ለመፈተሽ የጌትአትሩን መልስ የምትቀበልበት ቦታ ላይ፣ ካሹን ከመንካትህ በፊት፣ የ2 ሰከንድ ስሊፕ (ማቆያ) ክተት። በአንድ ተርሚናል በ4096 ባይቱ ፋይል ላይ ስታት (የፋይል መረጃ የሚያሳየውን ትእዛዝ) በል፣ እሱ ተኝቶ እያለ በሌላው ፋይሉ ላይ ጽፈህ 8192 አድርሰው፣ ሁለቱም ሲያልቁ እንደገና ስታት በል። አሁንም 4096 ካለህ ቁጥሩን የያዝከው መልሱ ከመጣ በኋላ ሳይሆን አይቀርም።